ራዲያተሩ የበላው ዱቄት

ባለፈው ሰሞን ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ከአንድ መካኒክ ጋር ልደባደብ ለጥቂት ተረፍኩ። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ካልተደባደብኩ ብሎ ሲንጠራራ አስቡት። መካኒኩ ያጠፋው ነገር አልነበረም። የአንድ ሚኒባስ ራዲያተር ያፈሳል። ባለ ሚኒባሱ፣ "መንገድ ላይ ቢብስብኝስ?" ብሎ ጠየቀው። መካኒኩም እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "አንድ እፍኝ ዱቄት ጨምርበት። የፈላው ውሃ ያበስለውና ቀዳዳውን ግጥም አድርጎ ይደፍነዋል። የድሮ ሾፌሮች ዘዴ ናት" አለው።

"የትኛው የድሮ ሾፌር ነው የነገረህ?" ብዬ ጮህኩበት። ምርኩዜን ሳነሣ ሁለት ሰዎች ከኋላ ያዙኝ። "አባባ፣ ምን ነካዎት?" አሉኝ። ምን እንደነካኝ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነገርኳቸው። ለእናንተም እንዲሁ እነግራችኋለሁ። አንብባችሁ ብትጠሉኝ አይገርመኝም፤ ከእናንተ በፊት የጠሉኝ አሉ።

ንጉሡ በወረዱበት ዓመት፣ በጋ ላይ ነው። እኔ ገና ሠላሳ ያልሞላኝ የደሴ ልጅ ነበርኩ። የአንድ ቆዳ ነጋዴ የጭነት መኪና እነዳለሁ። ሾፌር ያኔ እንደ ዛሬ በየደጃፉ አልነበረም። መነጽሬን ሰክቼ፣ ክንዴን በመስኮቱ አውጥቼ ስገባ የገጠር ከተማው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ነበር። ያየኝ ሁሉ የሚወደኝ ይመስለኝ ነበር፤ ጅል ነበርኩ።

ወሎ ተርቦ ነበር። ሰው ሲራብ ከብቱ ቀድሞ ያልቃል፣ ከብት ሲያልቅ ቆዳው ይረክሳል፣ ቆዳ ሲረክስ ነጋዴ መኪና ይልካል። የሚላከው እኔ ነበርኩ። መካነ ሰላም ድረስ ጨው ይዤ እሄዳለሁ፤ ከዚያ እስከ አናቱ ድረስ ቆዳ ጭኜ እመለሳለሁ። የማንም በሬ እንዴት እንደሞተ ጠይቄ አላውቅም። "እኔ ጫኝ ነኝ እንጂ ገዳይ አይደለሁም" እል ነበር፣ ሰው ሳይጠይቀኝ።

አብሮኝ የሚሄደው የነጋዴው ቆዳ ገዢ ሙሄ ነበር። ቀጭን፣ ነገረኛ፣ ሲስቅ ጥርሱ ብቻ የሚስቅ ሰው። እኔና እሱ ተስማምተን አናውቅም። በዚያ ጉዞ ግን በአንድ ነገር ተስማማን። ደሴም እህል እሳት ሆኖ ስለነበር፣ መካነ ሰላም ገበያ ላይ አንድ ስልቻ የገብስ ዱቄት አግኝተን ለሁለት ገዛን። ከሾፌሩ ወንበር ሥር፣ መሣሪያ ከማስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ከተትነውና መፍቻውንና ክሪኩን ከላይ ጫንንበት። ይህን ስልቻ አትርሱት።

በማለዳ ከመካነ ሰላም ተነሣን። መንገዱ ጥርጊያ ነው፤ ድንጋዩ ከጎማው ሥር እየተፈናጠረ የመኪናዋን ሆድ ይደበድባል። አቀስታ ሳንደርስ፣ ዛፍ የሌለበት ብርዳማ ሜዳ ላይ ስንወጣ፣ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ተጠጋ። ወርጄ ሳይ ራዲያተሩ ከታች ጥጉ ላይ በድንጋይ ተወግቷል። ውሃው እንደ ቀጭን ክር ይወርዳል። መኪናዋን በዚያ ሁኔታ ብነዳት ሞተሩ ግሎ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሞተር ከነከሰ ደግሞ መኪናም እንጀራም አበቃ።

የቆምንበት ቦታ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር፣ አርባ የሚሆን ሰው ተቀምጦ ነበር። አቀስታ እርዳታ ይመጣል ተብለው ከየቆላው ወጥተው፣ አቅም አጥተው እዚያ ያረፉ ናቸው። መኪናዋን ሲያዩ ተነሡ። ቀረብ ብለው የቆዳው ሽታ ሲደርስባቸው አንድ በአንድ ተመልሰው ተቀመጡ። አንድ ጎልማሳ ብቻ ቀረና ከጭነቱ የተንጠለጠለ ቀይ ቆዳ በጣቱ እየነካ፣ "ይሄ የማን በሬ ይሆን?" አለ።

ሙሄ ጆሮዬ ሥር መጣ። "ዱቄት ጨምርበት። ከስልቻው እፍኝ አውጣ።"

"አብደሃል? ወንበሩን ካነሣሁ ሰማንያ ዓይን ያየናል። ዱቄት እንዳለን ካወቁ ምን የሚተርፈን ይመስልሃል?"

"ታዲያ ከየት ልታመጣ ነው?"

ከመንገዱ ከፍ ብሎ አንዲት ጎጆ ነበረች፤ ከጣሪያዋ ጭስ ይወጣል። "ጭስ ካለ ዱቄት አለ" አልኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። የራሴን ደብቄ የሰው ልለምን ወጣሁ።

በሩ ላይ አንዲት ሴትዮ ብቅ አሉ። ስማቸው ሐዋ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። ፊታቸው ላይ ከአጥንት በቀር የተረፈ ነገር አልነበረም፤ ግን የራስ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው፣ ቀጥ ብለው ነበር የቆሙት። ከውስጥ የጨቅላ ልቅሶ ሰማሁ። "እንኳን ማርያም ማረቻት" አልኩ፤ ያፍ ልማድ ነው። "አሚን፣ አራተኛ ቀኗ ነው፤ ልጄ ናት" አሉ። የወሎ እስላም ለአራስ ማርያምን ይጠራል፤ የወሎ ክርስቲያን ሲለምን ነቢን ይጠራል። እኔም በዚያው አፌ፣ ምንም ሳላስብ፣

"እማማ፣ ስለ ነቢ፣ አንድ እፍኝ ዱቄት ይስጡኝ" አልኳቸው።

ሴትዮዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። አቧራ የለበሰ፣ ከንፈሩ የደረቀ፣ ከማለዳ ጀምሮ ከሙሄ ጋር ሲጨቃጨቅ ፊቱ የጠቆረ ሰው ነው ያዩት። እፍኝ ዱቄት በነቢ ስም የሚለምን ሰው ያን ዓመት ምን እንደሆነ የማያውቅ በሜዳው ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ግባ ልጄ፣ መርሐባ። ተቀመጥ፤ ላማስልህ" አሉ።

"አይ እማማ፣ ደረቁን ነው የምፈልገው። ቸኩያለሁ።"

ደንግጠው ክንዴን ያዙኝ። "ደረቁን እንዳትቅመው! ባዶ አንጀት ላይ ያንቃል። የእህቴ ልጅ እንዲሁ ነው የሄደብን።"

"አልቅመውም" አልኩ፤ ሳቄ እየመጣ። አዎ፣ ሳቄ መጥቶ ነበር። ሰው የሚለው አይገባኝም ነበር።

ወደ ጓዳ ገቡ። እጃቸው የቅሉን ግርጌ ሲፍቅ ሰማሁ። ፈቀቅ አድርገው እንደገና ፋቁት። ከዚያ ቅሉን ደፍተው በመዳፋቸው መቱት። ይህን ሁሉ በጆሮዬ ሰማሁ፤ ትርጉሙን ግን አላሰብኩም፣ ሐሳቤ ከሞተሬ ጋር ነበር። በትንሽ ሽክና አምጥተው ሰጡኝ። "የሷ የገንፎዋ ነበር። ግን አንተ በነቢ ለምነኸኛል፤ አላህ ለሷም አያጣም" አሉ። አመስግኜ ሮጥኩ።

የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩ። ውሃ ሞላሁበት። ከዚያ በአርባው ሰው ፊት፣ ሽክናውን አዘንብዬ ዱቄቱን ገለበጥኩት። ሙሄ ገብቶ ሞተሩን አስነሣ።

ዘዴው ይሠራል። ግን የሠራው ሽታውን አስቀድሞ ነው። መጀመሪያ እንፋሎት ወጣ። ቀጥሎ፣ ገብሱ ሲበስል፣ መኪናዋ ገንፎ ገንፎ መሽተት ጀመረች። በዚያ ብርድ ሜዳ ላይ፣ ሽታው ለስንት ቀን ምግብ ያልሸተተው ሰው አፍንጫ ውስጥ ገባ። የተኙት ሳይቀሩ ቀና አሉ። አንዲት ሴት እያሸተተች መጥታ እጇን ሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈች።

"ምን አበላሃት?" አለኝ ያ ቆዳውን ሲነካ የነበረው ጎልማሳ። ሁሴን ይሉታል።

"ዱቄት ነው። ቀዳዳ ይደፍናል" አልኩ፤ እንደ መምህር እያስረዳሁ። "መኪና እኮ ዘይትም ይበላል፣ ጎማም ይበላል..."

"ይበላል!" አለ ወደ ሰዉ ዞሮ። "ሰማችሁ? መኪናውም ይበላል! ከብታችንን ለብሶ፣ ዱቄታችንን በልቶ ሊሄድ ነው!"

ከየት እንዳመጡት የማላውቀው ጉልበት ተነሣ። አንዱ በሩን ያዘ፣ ሌላው ከጎማው ፊት ተኛ። ሁሴን ኮሌታዬን ጨምድዶ ከራዲያተሩ ጋር አጣበቀኝ። ጀርባዬ በጃኬቱ ውስጥ ተቃጠለ። "ከማን ወሰድከው?" ይለኛል። ሽክናው በእጄ ነበር። ሰዉ ሽክናውን አወቀው።

"የሐዋ ነው! የአራሷ ነው!" አለች አንዲቱ።

አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ሳቁ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። "መሬት ላራሹ አሉን በራዲዮ፤ እሰየው አልን። የአራሷ ገንፎ ግን ለመኪና ሆነ።" ሸህ አራጋው ይባላሉ፤ ሲናገሩ ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። በዱላቸው ተደግፈው መጡና ፊቴን አዩት። ሲያዩኝ ቁጣ እንኳ አልነበረባቸውም፤ እንደ ቆሻሻ ነው ያዩኝ።

"በማን ስም ነው የለመንካት?"

"በ... በነቢ ስም።"

"በነቢ ስም የተሰጠ ሰደቃ ለሰው ነው። ሰው ሆድ ውስጥ ካልገባ የሰጪዋ ሰደቃ ተበላሸ። ሁሴን፣ ክፈተው። የጠየቀው እሱ ነው፤ ይጠጣው።"

ሁሴን ከሥር ያለውን መክፈቻ እንዴት እንደሚያዞር እንኳ አያውቅም፤ እኔ ራሴ እንድከፍተው አስገደደኝ። የዝገትና የገብስ ሙቅ በጣሳ ሞላ፣ ላዩ ላይ ዘይት ይንሳፈፋል። ጣሳው ከንፈሬን ሲነካ ፈጀኝ። ሙሄ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከሰዉ መሃል ሾልኮ ጎኔን በክርኑ ጎሸመኝ። "ዝም በል። አትናገር። እብድ ምሰል፤ ሌላ መዳኛ የለህም።"

በዚያ ቅጽበት ሐዋ መጡ። ጩኸቱን ሰምተው ነው የወረዱት። ሰዉ መንገድ ከፈተላቸው። መጀመሪያ ባዶውን ሽክና፣ ቀጥሎ የምትተነፍሰውን መኪና፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። የተናገሩት በጣም ቀስ ብለው ነበር።

"ልጄ፣ ዱቄቱን ለምን ብረት ውስጥ ደፋኸው?"

ዝም አልኩ። ሙሄ እንደመከረኝ ሳይሆን የምለው ስላጣሁ ነው። ዝምታዬን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

"ተዉት!" አሉ፤ ጣሳውን ከሁሴን እጅ ነጥቀው ደፉት። "ምን ታያላችሁ? ራብ አእምሮውን አስቶት እኮ ነው! ደረቁን ስጡኝ ሲለኝ ነው የገባኝ። ጤነኛ ሰው በዚህ ዓመት ዱቄት ብረት ላይ ይደፋል? የዘይነብ ባል ዘሩን ወንዝ ውስጥ ሲዘራው አላያችሁም?"

ሰዉ ተያየ። የዘይነብን ባል ሁሉም ያውቀው ነበር መሰለኝ። "ያ ረቢ" አለ አንዱ። ሁሴን ኮሌታዬን ለቀቀ፤ የጨመደደውን ቦታ በእጁ አስተካከለልኝ። ሸህ አራጋው እንኳ አንገታቸውን ደፉ፤ "አውፍ በለን፣ አላወቅንም" አሉኝ። እኔን! ሐዋ ከጎማው ጥላ ሥር አስቀመጡኝና ግንባሬ ላይ እጃቸውን ጭነው ዱአ አደረጉ። "አብሽር ልጄ፣ ያልፋል" ይላሉ። እጃቸው ከዱቄቱ የቀረ ነጭ ነገር ነበረበት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የሚያዝኑልኝ ሰዎች የሚበሉት የላቸውም፤ እኔ ከተቀመጥኩበት ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ስልቻ ሙሉ ዱቄት አለ። ሙሄ ከሰዉ ጀርባ ሆኖ ዓይኑን ጠቀሰኝ። ተርፈናል ማለቱ ነው። እውነት ለመናገር እኔም ተርፌያለሁ ብዬ ተነፈስኩ። ትንሽ ቆይተን ሞተሩን እናስነሣለን፣ እንሄዳለን፣ ደሴ ስንደርስ ሙሄ በዚህ ሲስቅ ይከርማል።

ሁሴን ፊቴ ተንበረከከ። ጋቢውን ጥጉ ላይ ቋጥሮት ነበር። ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታና ጥቂት ፍሬ የተቆላ ባቄላ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው። "አንድ በአንድ አኝክ። እንዳትውጠው" አለኝ። ከዚያ የቀረ ካለ ብሎ ባዶውን ጥግ አራገፈ። ምንም አልወደቀም።

ያን ባቄላ መብላት አልቻልኩም፤ መጣልም አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ከደግነት አትቁጠሩብኝ። መዳፌ ላይ ያለው ነገር አቃጠለኝ እንጂ ደግ ሆኜ አይደለም። ተነሣሁ። ሙሄ ገባውና፣ "ተው! ሰይጣን!" አለ። በሩን ከፍቼ ወንበሩን አነሣሁ፣ መፍቻውን ወረወርኩት፣ ክሪኩን ወረወርኩት፣ ስልቻውን ጎትቼ ከመሬት ጣልኩት። አፉ ተፈታና ነጩ ዱቄት ታየ።

ጩኸት ይነሣል፣ ይረግጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሙሄ ብቻ፣ "ቅድም ጤነኛ ነበርክ፣ ያበድከው አሁን ነው" አለኝ፤ እስኪሞት ድረስ ሌላ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ሁሴን መጣና ከመዳፌ ላይ ባቄላውን አንድ በአንድ ለቅሞ መልሶ ቋጠረ። ከዚያ የባሰ ስድብ በዕድሜዬ ደርሶብኝ አያውቅም።

ሐዋ ሽክናቸውን ከመሬት አነሡ። በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት። ከስልቻው አንድ ሽክና ሞሉ፣ ከላዩ የተቆለለውን በመዳፋቸው መልሰው ወደ ስልቻው ጠረጉት። የሰጡኝን ያህል ብቻ ወሰዱ።

"እማማ፣ ይጨምሩ፣ ሁሉንም ይውሰዱ፣ ለአራሷ..." አልኩ።

እስካሁን ልጄ ሲሉኝ ነበር። አሁን ግን ስም እንደሌለኝ ሁሉ አዩኝ።

"እብድ ብትሆን ይሻል ነበር" አሉኝ፤ ወደ ጎጇቸውም ወጡ።

የቀረውን ሸህ አራጋው አካፈሉት። እኔን ማንም አልነካኝም። መክፈቻውን ዘግቼ ውሃ ሞላሁ፣ ሞተሩን አስነሣሁ፣ ከጎማው ፊት ተኝቶ የነበረው ሰውዬ ተነሥቶ መንገድ ሰጠኝ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ የሚያየኝ ሰው አልነበረም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ደግ ሰው ሆንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ቁጡ ነበርኩ፣ ቁጡ ነኝ፤ ያ መካኒክ ምስክሬ ነው። የቆዳ ነጋዴውን መኪና በሳምንቱ አስረክቤ ሌላ ሥራ ፈለግሁ እንጂ ሌላ ገድል የለኝም። አራሷ ትኑር ትሙት ሄጄ ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ ጎጆዋ ጋ ስደርስ ነዳጅ ረግጬ ነው ያለፍኩት።

የተለወጠው ጆሮዬ ነው። የሰው ቤት ገብቼ "ብላ" ስባል መጀመሪያ ጓዳውን እሰማለሁ። እጅ የዕቃ ግርጌ ሲፍቅ ከሰማሁ "ጠግቤያለሁ" ብዬ እነሣለሁ፤ ባለቤቶቹም ትዕቢተኛ ይሉኛል። ይበሉኝ። እናንተ ግን ያቺን ድምፅ ሰምታችሁ እንዳልሰማ ከሆናችሁ፣ ከእኔ አትሻሉም፤ መኪና ባይኖራችሁም።

ጋራዡ ደጃፍ ላይ ይህን ስጨርስ ባለ ሚኒባሱ ዓይኑን አበሰ። መካኒኩ ግን ሙያተኛ ነው፤ ራሱን ሲያክክ ቆይቶ፣ "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዱቄቱ ግን ሠርቶ ነበር?" አለኝ።

ምርኩዜን አላነሣሁበትም። የጠየቀው እውነቱን ነው።

"ሠርቷል" አልኩት። "ደሴ እስክገባ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም።"